ስለ ሸራ ጀልባ ውድድር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው፣ በሎጎ ሐይቅ አጠገብ ባለችው የሐይቅ ከተማ ውኃ፣ ታንኳና መረብ ለማንም እንግዳ አይደሉም። በሸራ የሚሄድ ጀልባ ግን በወሎ ሐይቆች የተለመደ ባለመሆኑ፣ ኦሊምፒክ በቴሌቪዥን ሲታይ ወይም «ሎጎ ሐይቅ ላይ አንድ የሸራ ጀልባ ክለብ ቢቋቋምስ?» የሚል ሐሳብ ሲነሳ የሚሰነዘሩት አስተያየቶች አብዛኞቹ ከግምት የመነጩ ናቸው። ግምቱ ዝም ተብሎ ሲተላለፍ ደግሞ ሐሳቡ ራሱ ሳይመረመር ይቀራል፤ ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የሚገለጸው አንድ ተራ የአካባቢ ክለብ በዕረፍት ቀን ውድድሩን የሚመራበት አሠራር ሲሆን፣ መሠረቱ ወርልድ ሴይሊንግ የተባለው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በየአራት ዓመቱ የሚያሻሽለው የውድድር ሕግ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ከ2025 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚያገለግለው ነው።

አመለካከት፦ «ሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደ ወሰደው ይሄዳል እንጂ ወደ ፈለጉት አይሄድም።»

እውነታው፦ ነፋስ ከኋላ እየገፋ የሚወስደው ጀልባ አለ፤ ነገር ግን ይህ ከብዙዎቹ አካሄዶች አንዱ ብቻ ነው። ሸራው ጎበጥ ብሎ ስለሚወጠር ነፋሱ በሁለቱ ገጾቹ በተለያየ ፍጥነት ያልፋል፤ በዚህም ጀልባውን ወደ ጎንና ወደ ፊት የሚስብ ኃይል ይፈጠራል። ከጀልባው ሆድ ወደ ውኃው የሚወርደው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ወደ ጎን መንሸራተቱን ስለሚከለክል የሚተርፈው ወደ ፊት መሄድ ነው። ነፋሱ ወደሚመጣበት በቀጥታ መሄድ አይቻልም፤ ከነፋሱ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ያህል ገለል ብሎ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተመላለሱ መውጣት ግን ይቻላል። ክለቦችም የውድድሩን የመጀመሪያ ጉዞ ሆን ብለው ወደ ነፋሱ ያደርጉታል፤ ምክንያቱም የተሻለ ያሰበና ጀልባውን የተሻለ የነዳ መርከበኛ ከሌላው የሚለየው በዚህ ጉዞ ነው። ጀልባ ከነፋሱ ፍጥነት አይበልጥም የሚለውም ስሕተት ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በናሚቢያ ዋልቪስ ቤይ ሴልሮኬት 2 የተባለችው ጀልባ 500 ሜትሩን በአማካይ በ65.45 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር ስታቋርጥ የነፋሱ ፍጥነት የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር።

አመለካከት፦ «ጀልባዎቹ መስመር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ፊሽካ ሲነፋ ይነሣሉ።»

እውነታው፦ ሸራ ጀልባ ፍሬን የለውም፤ በአንድ ቦታ ጸጥ ብሎ መቆምም አይችልም። ስለዚህ አነሣሡ በሰዓት ቆጠራ ይመራል። የመነሻው መስመር ውድድሩን በሚመራው ኮሚቴ ጀልባ ላይ በተተከለ ምሰሶና ከእርሱ ፊት ለፊት በመልሕቅ በታሰረ ተንሳፋፊ ምልክት መካከል ያለ የሐሳብ መስመር ሲሆን፣ በተቻለ መጠን ከነፋሱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ይደረጋል። ሊነሡ አምስት ደቂቃ ሲቀር የውድድሩ ምድብ ባንዲራ ይሰቀላል፤ አራት ደቂቃ ሲቀር የዝግጅቱ ባንዲራ፣ ብዙ ጊዜ መካከሉ ነጭ የሆነው ሰማያዊ ባንዲራ፣ ይታከላል፤ አንድ ደቂቃ ሲቀር እርሱ ይወርዳል፤ ሰዓቱ ሲሞላ የምድቡም ባንዲራ ወርዶ ውድድሩ ይጀመራል። በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ መርከበኞቹ ከመስመሩ በታች እየዞሩ፣ ሸራቸውን እያላሉና እየወጠሩ፣ ሰዓቱ ሲሞላ በሙሉ ፍጥነት መስመሩ ላይ ለመድረስ ቦታ ይሻማሉ።

እያንዳንዱ ባንዲራ ሲሰቀልና ሲወርድ ጡሩንባ ይነፋል፤ ሆኖም ሰዓቱ የሚያዘው ከሚታየው ምልክት እንጂ ከድምፁ አይደለም፤ ጡሩንባው ሳይነፋ ቢቀርም ውድድሩ አይፈርስም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከመስመሩ ወዲያኛው ጫፍ 300 ሜትር ርቆ ያለ ጀልባ ድምፁን የሚሰማው አንድ ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው፤ ባንዲራውን ግን ሁሉም እኩል ያየዋል።

ቀድሞ መስመሩን ያለፈ ጀልባ ካለ ነጭ መደብ ላይ ሰማያዊ መስቀል ያለበት ባንዲራ በአንድ ድምፅ ይሰቀላል፤ ያ ጀልባ ተመልሶ እንደገና ካልተነሣ እንደተነሣ አይቆጠርለትም። ያለፉት በዝተው ማንነታቸውን መለየት ካልተቻለ ደግሞ ሁሉም ይመለሳሉ፤ ቆጠራውም እንደ አዲስ ይጀመራል።

አመለካከት፦ «ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ።»

እውነታው፦ ሁሉም አንድ ዓይነት ጀልባ ከያዙ ልክ ነው። የአካባቢ ክለብ ግን አባላቱ ያላቸውን ጀልባ ይዘው የሚመጡበት በመሆኑ ረጅሙና አጭሩ፣ አዲሱና አሮጌው ባንድ ላይ ይወዳደራሉ። ይህን ለማመጣጠን በብሪታንያ ክለቦች ዘንድ የሚሠራበት የፖርትስማውዝ ስሌት ለእያንዳንዱ የጀልባ ዓይነት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፈጣኑ ዝቅተኛ፣ ዘገምተኛው ከፍተኛ ቁጥር አለው። ጀልባው የወሰደበት ጊዜ በሰከንድ ተለውጦ በ1000 ይባዛል፤ ከዚያ ለቁጥሩ ይካፈላል።

ለምሳሌ ቁጥሩ 1100 የሆነ ጀልባ በ55 ደቂቃ፣ ማለትም በ3300 ሰከንድ ቢጨርስ የተስተካከለ ጊዜው 3000 ሰከንድ፣ ልክ 50 ደቂቃ ይሆናል። ቁጥሩ 1400 የሆነው ጀልባ ከእርሱ 13 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ዘግይቶ፣ በ4116 ሰከንድ ቢገባ የተስተካከለው ጊዜ 2940 ሰከንድ፣ 49 ደቂቃ ነው። አሸናፊው ዘግይቶ የገባው ነው። ባሕር ዳርቻ ቆሞ ለሚያይ ሰው ይህ ግር ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ከአባቱ አሮጌ ጀልባ ወርሶ የመጣ ወጣት አዲስ ጀልባ ከገዛ ሰው ጋር በችሎታው ብቻ እንዲለካ የሚያስችል አሠራር ከመሆኑ የተነሣ፣ በእኔ ግምት ከክለብ ውድድር ሁሉ የሚያምረው ክፍል ይህ ነው። ቁጥሮቹም በዘፈቀደ የወጡ አይደሉም፤ ክለቦች ከሚልኩት ውጤት እየተሰሉ በየዓመቱ ይታደሳሉ።

የውድድር ወቅቱ አሸናፊ የሚለየውም በአንድ ቀን ውጤት አይደለም። አንደኛ የወጣ 1 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2 ነጥብ እያለ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ዝቅተኛ ድምር ያለው ያሸንፋል። አብዛኛውን ጊዜ የእያንዳንዱ ሰው እጅግ የከፋ ውጤት ተቀንሶ ስለሚተው፣ አንድ ቀን ሸራው የተቀደደበት ሰው ከወቅቱ ፉክክር አይወጣም።

አመለካከት፦ «ውኃ ላይ ዳኛ ሳይኖር ሁሉም ያጭበረብራል።»

እውነታው፦ በክለብ ውድድር እያንዳንዱን ጀልባ የሚከተል ዳኛ በአብዛኛው የለም፤ ሕጉን የሚያስከብሩት ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋሱን በግራ ጎኑ የሚቀበለው፣ በቀኝ ጎኑ ለሚቀበለው ቅድሚያ ይሰጣል። ሁለቱም በአንድ ጎን የሚቀበሉ ከሆነ ወደ ነፋሱ የቀረበው ከበታቹ ላለው ይለቃል። ሕግ መጣሱን ያወቀ መርከበኛ ማንም ሳያዝዘው ከሌሎቹ ርቆ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፤ የመታው ተንሳፋፊውን ምልክት ብቻ ከሆነ አንድ ዙር ይበቃዋል። ዙሩ ጊዜ ስለሚያስከፍል ቅጣት ነው፤ ከውድድር ስለማያስወጣ ደግሞ ጥፋትን ማመን ከመካድ ይቀላል።

ያልተማመኑ እንደሆነ ተበደልሁ ያለው ወዲያው «ፕሮቴስት» ብሎ ይጮኻል፤ ጀልባው 6 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ባንዲራም ያወጣል። ከውኃው ሲወጣ አቤቱታውን በተወሰነው ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ያቀርባል። ችሎቱ ለወሎ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ልክ እንደ ሽምግልናችን ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይናገራሉ፣ ምስክር ይቀርባል፣ በጉዳዩ ጥቅም ያለው ሰው ከሰሚዎቹ መካከል አይቀመጥም። ልዩነቱ እርቅ ሳይሆን ፍርድ መስጠቱ ነው፤ ጥፋተኛ የተባለው ጀልባ የዚያ ውድድር ውጤቱ ይሰረዝበታል።

አመለካከት፦ «ጀልባው የተገለበጠበትን ሰው ሌላው እያየ ጥሎት ያልፋል፤ ውድድር ነውና።»

እውነታው፦ ፈጽሞ አይደለም። በሕጉ መጽሐፍ መጀመሪያ የሰፈረው ግዴታ በአደጋ ላይ ላለ ሰው ወይም ጀልባ የሚቻለውን ሁሉ መርዳት ነው። ለመርዳት ብሎ ወደ ኋላ የቀረ ተወዳዳሪም ያጣው ቦታ እንዲካስለት መጠየቅ ይችላል።

አመለካከት፦ «ነፋሱ በበረታ ቁጥር ውድድሩ ያምራል፤ ካላካሄዱት ፈርተው ነው።»

እውነታው፦ የዕለቱ የውድድር ኃላፊ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ነፋሱን ይለካል። ከ5 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ9 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያንስ ጀልባዎቹ ስለሚንሳፈፉ ብቻ ውጤቱ የዕድል ይሆናል፤ 20 ኖት ሲያልፍ ደግሞ ጀማሪዎች ይገለበጣሉ፣ የነፍስ አድን ጀልባውም ለሁሉም መድረስ ያቅተዋል። ቀይና ነጭ ዥንጉርጉር ባንዲራ በሁለት ድምፅ ሲሰቀል ውድድሩ ለጊዜው መዘግየቱን ያስታውቃል። ተራራ በከበበው ሐይቅ ነፋሱ ድንገት አቅጣጫውን ስለሚለውጥ፣ ኃላፊው መስመሩን እንደገና እስኪያስተካክል ሁሉንም ማስጠበቁ ከጥሩ ሥራ የሚቆጠር ነው። መሄድና አለመሄድን በተመለከተ ግን የመጨረሻው ውሳኔ የእያንዳንዱ መርከበኛ ነው፤ ባንዲራ ተሰቀለ ተብሎ የሚገደድ የለም።

አመለካከት፦ «ይህ የባሕር በር ያላቸው ሀብታም አገሮች ጨዋታ ነው።»

እውነታው፦ ስዊዘርላንድ ባሕር የላትም፤ ነገር ግን የጄኔቫ ክለብ ያሰለፈው የአሊንጊ ቡድን በ2003 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ዋንጫ የተባለውን ታዋቂ የሸራ ጀልባ ውድድር ዋንጫ ከኒውዚላንድ ወስዷል። ወደብ አልባዋ ኡጋንዳም በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የሸራ ጀልባ ክለብ አላት። ስለ ሀብቱም ቢሆን፣ በዓለም ላይ ብዙ ሕፃናት የሚማሩባት ኦፕቲሚስት የምትባለው 2.3 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ጀልባ በ1947 እ.ኤ.አ. ስትነደፍ ታስቦ የነበረው በቤት ውስጥ ከኮምፔንሳቶ በርካሽ እንድትሠራ ነው።

ሥራ አመራሩም ደመወዝተኛ አይጠይቅም። አባላት በተራ የዕለቱ ኃላፊ፣ ሰዓት ያዥ፣ መዝጋቢና የነፍስ አድን ጀልባ ነጂ ይሆናሉ፤ ብዙ ክለቦች ተራው ደርሶት ላልተወዳደረ አባል የሌላ ቀን ውጤቱን አማካይ ነጥብ ይሰጡታል። ግዴታው ሳይጎዳው ስለሚወጣው ሥራው ሰው አያጣም።

አመለካከት፦ «ሎጎ ሐይቅ ለውድድር ትንሽ ነው።»

እውነታው፦ ስፋቱ ወደ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የክለብ ውድድር ምልክቶች የሚራራቁት በጥቂት መቶ ሜትሮች ነው። የሚያስቸግረው ስፋቱ ሳይሆን ጥልቀቱ ነው። መካከሉ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ውኃ ላይ ምልክት በመልሕቅ ለማቆም ከጥልቀቱ የረዘመ ገመድ ያስፈልጋል፤ ገመዱ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ምልክቱ ከቦታው ወዲያና ወዲህ ስለሚሄድ የመነሻው መስመር ይዛባል። ስለዚህ ምልክቶቹን ጥልቀቱ ልከኛ በሆነበት በዳርቻው በኩል መትከል ይመረጣል። ዳርቻው ግን የዓሣ አስጋሪዎች መረብ የሚዘረጋበት ነው፤ ከጀልባው ሆድ የሚወርደው ሰሌዳ መረብ ከያዘ የሚቀደደው የሰው እንጀራ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ጸጥታም ሊጠበቅ ይገባል። ማንኛውም ክለብ የመጀመሪያውን ባንዲራ ከመስቀሉ በፊት ከአስጋሪዎቹ ማኅበርና ከገዳሙ አባቶች ጋር ተቀምጦ የትኛው ዳርቻ፣ በየትኛው ቀንና ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ለውድድር ክፍት እንደሚሆን መስማማት፣ ስምምነቱንም በውድድር መመሪያው ውስጥ ከካርታ ጋር ማስፈር ይኖርበታል።