የቁጥጥር ማዕከል ምንድን ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ተማሪዎች የሚሉትን አድምጡ። አንዱ «አላጠናሁም» ይላል። ሌላው «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሦስተኛው ፈተናውን ያወጡትን ይረግማል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የቁጥጥር ማዕከል የሚሉት ከእነዚህ ንግግሮች በስተጀርባ ያለውን እምነት ነው፤ ሰው የሚገጥመውን ነገር የሚወስነው የራሱ ሥራ ነው ወይስ የውጭ ኃይል? ለራሱ ሥራ የሚያደላው ውስጣዊ፣ ለዕድልና ለሌሎች ሰዎች የሚያደላው ውጫዊ ይባላል። ብዙዎቻችን በመካከል ነን።

ሐሳቡን ያፈለቁት እ.ኤ.አ. በ1916 ብሩክሊን ውስጥ የተወለዱት አሜሪካዊው ጁሊያን ሮተር ናቸው። በልጅነታቸው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የአባታቸውን ንግድ ሲያፈርሰው አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት 29 ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አቀረቡ። መላሹ ከየጥንዱ ለእምነቱ የሚቀርበውን ይመርጣል፤ ስድስቱ ጥንዶች ዓላማውን ለመሸፈን ብቻ የገቡ ስለሆኑ አይቆጠሩም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ወደ ውስጣዊው የሚያደሉ ተማሪዎች በአብዛኛው የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳይተዋል። አያስገርምም፤ ማጥናት ምንም አይለውጥም ብሎ ያመነ ልጅ ደብተሩን የሚገልጥበት ምክንያት የለውም።

«ሁሉም በእጅህ ነው» የሚለው ስብከት ግን ያስቆጣኛል። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው ማለት ግፍ ነው። በመካከላቸው ጦርነት ትምህርቱን ያቋረጠበት፣ መጽሐፍ ያልደረሰው ልጅ አለ። ሮተር ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ውስጣዊውን ጥሩ፣ ውጫዊውን መጥፎ አድርጎ መፈረጅ ስሕተት መሆኑን ጽፈዋል።

ታዲያ ራስን ማወቅ የት ላይ ይጀምራል? አንዲት ተማሪ የተመለሰላትን የሒሳብ ሞዴል ፈተና ዘርግታ ከእያንዳንዱ ከሳተችው ጥያቄ አጠገብ ምክንያቱን በእርሳስ ትጻፍ። «ቀመሩን ረሳሁት።» «ቸኩዬ የመቀነስ ምልክቱን ዘለልኩት።» «ይህን ምዕራፍ ማንም አላስተማረንም።» በትክክል የመለሰቻቸውንም አትለፋቸው፤ ገምታ ያገኘችውን «ገመትኩ» ብላ ትጻፍበት። ይህኛው ይከብዳል፤ ሲሳካልን ጉብዝናችን፣ ሲበላሽ ዕድላችን ነው ማለት ይቀናናልና። ወረቀቱ ሲያልቅ ግን «ሒሳብ አይገባኝም» የሚለው ጅምላ ፍርድ ይበተንና እያንዳንዱ ስሕተት የየራሱን ሥራ ይጠይቃል። ቀመሩ ይጠናል። ችኮላው በሰዓት እየተለማመዱ ይታረማል።

ስላልተማረችው ምዕራፍስ? እዚህ ላይ የሐና ሌቨንሰን ማሻሻያ ይጠቅማል። ተመራማሪዋ በ1970ዎቹ ውጫዊውን ለሁለት ከፍለውታል፤ አንዱ ዕድል፣ ሌላው ሥልጣንና አቅም ያላቸው ሰዎች። ዕድልን ማንም አያነጋግረውም። ርዕሰ መምህሩን ግን ማነጋገር ይቻላል፤ ማካካሻ ክፍለ ጊዜ መጠየቅ፣ ምዕራፉን ከተማረ የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ደብተር መዋስም ይቻላል። መምህር አለመመደቡ የእርሷ ጥፋት አይደለም፤ ፈተናው እስኪደርስ ያሉት ሳምንታት ግን የእርሷ ናቸው።