ፕሮክሲው በርቷል፣ ታዲያ ኔቱ የት ገባ?

ቤት ውስጥ አንዱ ኮምፒውተር ኢንተርኔት አለው። እሱ ላይ ፕሮክሲ ሰርቨር ይጫንና ሌሎቹ በሱ በኩል ይወጣሉ። ቀላል ነገር ይመስላል። የሆነ ቀን ላይ እምቢ ይላል፣ ያኔ ሁሉም ሰው ሄዶ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል። እኔም ስንቴ እንደነቀልኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፕሮክሲን እንደ ገመድ ማሰባችን ነው። ገመድ የመጣለትን ሁሉ ያሳልፋል። ፕሮክሲ ግን ተላላኪ ነው፤ የሚሄደው ያለበትን አውቆ ለላከው፣ በሚገባው ቋንቋ ለነገረው ብቻ ነው።

"ፒንግ አይመልስም፣ ስለዚህ ኔት የለም"

ፒንግ (አንድን ማሽን አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ትእዛዝ) የሚሄደው አይሲኤምፒ በሚባል ፕሮቶኮል ነው፣ የኤችቲቲፒ ፕሮክሲ (የድረ ገጽ ጥያቄዎችን የሚያደርሰው) ደግሞ ይሄን አያስተላልፍም። ስለዚህ በፕሮክሲ ብቻ ከሚወጣ ላፕቶፕ ላይ 8.8.8.8ን (የጉግል ሰርቨር ነው) ፒንግ ብታደርጉ ዝም ሊላችሁ ይችላል፣ ብራውዘሩ ግን እየከፈተ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። ፕሮክሲው ያለበት ማሽን ለፒንግ መልስ ከሰጠ ማሽኑ በርቷል ማለት ነው፣ በቃ። ፖርቱ (ፕሮክሲው ጥያቄ የሚቀበልበት ባለ ቁጥር በር) ክፍት መሆኑን ለማወቅ ቴልኔትን ወይም ፓወርሼል ላይ ያለውን ቴስት ኔትኮኔክሽን ተጠቀሙ፤ አይፒውንና የፖርቱን ቁጥር ስትሰጡት ይገናኝ አይገናኝ ይነግራችኋል።

"ፕሮክሲው ባለበት ኮምፒውተር ላይ ከሰራ ሌሎቹም ላይ መስራት አለበት"

አንድ ምሽት ሙሉ የፈጀሁት እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ላይ ሁሉም ገጽ ይከፈታል፣ ስልኩ ላይ ግን ምንም የለም። ፕሮግራሙን ሁለቴ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። መጨረሻ ላይ ኔትስታትን (ማሽኑ በየትኛው አድራሻና ፖርት እንደሚሰማ የሚያሳየውን ትእዛዝ) ከፍቼ ሳይ መስመሩ 127.0.0.1:8080 ይላል። ይሄ እኮ ማሽኑ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው! ፕሮክሲው ከራሱ ማሽን የሚመጣውን ብቻ ነበር የሚሰማው፣ ስልኩ ታዲያ በየት ይግባ? መስመሩ 0.0.0.0:8080 ቢል (በሁሉም የኔትወርክ ካርድ በኩል እሰማለሁ ማለት ነው) ወይም የማሽኑን የውስጥ አይፒ፣ ለምሳሌ 192.168.1.20ን ቢያሳይ ኖሮ ጨዋታው ሌላ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት የበላው አንድ መስመር ሴቲንግ ነው። ስልካቸው የፕሮክሲ ሴቲንግ ላይ 127.0.0.1 ጽፈው የሚቸገሩም አሉ፤ ስልኩ ያኔ ራሱን እየጠራ ነው።

አድራሻው ልክ ሆኖ አሁንም ካልሰራ ፋየርዎሉን (የማይፈቀድ ግንኙነትን የሚያግደውን ጠባቂ) ተጠርጣሪ አድርጉ። ዊንዶውስ የቤቱን ዋይፋይ "ፐብሊክ" ብሎ ከመዘገበው ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ ይበልጥ ያጠብቃል። ለአንድ ደቂቃ አጥፍቶ መሞከር ይቻላል፣ ግን አጥፍታችሁ እንዳትረሱት፤ ችግሩ እሱ መሆኑ ከታወቀ መልሳችሁ አብሩትና ለዛች ፖርት ብቻ ፍቀዱ። ስልኩ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆነም ብዙ ራውተሮች እዛ ያሉትን መሣሪያዎች ከዋናው ኔትወርክ ይለያቸዋል፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩን ጭራሽ ላያየው ይችላል።

"የሚመጣው መልእክት ያው ስህተት ነው፣ ማንበቡ ምን ያደርጋል?"

ያደርጋል እንጂ። ጥያቄው የት ድረስ ሄዶ እንደቆመ የሚነግራችሁ እሱ ነው። "ግንኙነቱ ተከልክሏል" ወዲያው ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ አለ፣ ፖርቱ ላይ የሚሰማ ፕሮግራም ግን የለም ማለት ነው። ሲጠብቅ ሲጠብቅ ቆይቶ ከተቋረጠ ወይ አይፒው ተሳስቷል ወይ ፋየርዎል ዝም ብሎ ጥሎታል። 407 የሚል የስህተት ቁጥር ከመጣ ፕሮክሲው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይፈልጋል ማለት ነው። ስኩዊድ የሚባለውን ፕሮክሲ የምትጠቀሙ ከሆነ (ፖርቱ ካልተቀየረ 3128 ነው) "አክሰስ ዲናይድ" የሚል ገጽ ሲመጣ ደስ ይበላችሁ፤ ፕሮክሲው ጋ ደርሳችኋል፣ የቀረው ፈቃድ ብቻ ነው። 502 ወይም 504 ከሆነ ደግሞ ከእናንተ እስከ ፕሮክሲው ያለው ሰላም ነው፣ ችግሩ ከሱ ወዲያ ነው።

"ብራውዘር ከከፈተ ሁሉም አፕ ይከፍታል"

አይከፍትም። የአንድሮይድ የዋይፋይ ሴቲንግ ራሱ የምታስገቡትን ፕሮክሲ ሌሎች አፖች ላይጠቀሙበት እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። ብዙ ጌሞችና የድምፅ ጥሪዎች ዩዲፒ የሚባል ሌላ የመላኪያ ፕሮቶኮል ይጠቀማሉ፣ ተራ የኤችቲቲፒ ፕሮክሲ ደግሞ እሱን አያሳልፍም። ሶክስ5 የሚባለው የፕሮክሲ ዓይነት ዩዲፒን ያውቃል፣ ግን አፑ ራሱ በሶክስ መናገር አለበት። ሁሉም ነገር እንዲሰራ ከፈለጋችሁ የምትፈልጉት ፕሮክሲ አይደለም፤ ሆትስፖት ወይም ዊንዶውስ ላይ ያለው የኢንተርኔት ማጋሪያ ነው፣ እሱ አፖቹ ሳያውቁት ሁሉንም ያሳልፋል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ቤት ፕሮክሲ አያስፈልገውም፣ ራውተሩ ኔቱን እያካፈለ ነው።

"ትናንት ሰርቷል፣ ማንም አልነካውም"

ሰው አልነካውም፣ ራውተሩ ግን ነክቶት ሊሆን ይችላል። የውስጥ አይፒ በዲኤችሲፒ (ራውተሩ አድራሻ በራሱ በሚያድልበት መንገድ) ሲታደል ይቀያየራል፤ ትናንት 192.168.1.20 የነበረው ማሽን ዛሬ 192.168.1.23 ሊሆን ይችላል፣ ስልኩ ግን አሮጌውን አድራሻ እያንኳኳ ነው። ራውተሩ ላይ ገብታችሁ ለዛ ማሽን አይፒውን ቋሚ አድርጉለት። ኮምፒውተሩ እንቅልፍ ሞድ ገብቶም ሊሆን ይችላል። ያኔ ፕሮክሲውም አብሮ ተኝቷል።

ፍጥነት ይጨምራል ለሚሉት፦ ድሮ ገጾችን አስቀምጦ መልሶ በማቅረብ ይረዳ ነበር። አሁን አብዛኛው ድረ ገጽ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ) ነው፣ ፕሮክሲው ውስጡን ስለማያይ የሚያስቀምጠው ነገር የለውም። እንደ ቪፒኤን ይደብቃል የሚሉም አሉ፤ ተራ ፕሮክሲ በራሱ ምንም ነገር አያመሰጥርም። ፖርቱንም ራውተሩ ላይ ለውጭ እንዳትከፍቱት፣ የማታውቁት ሰው በእናንተ አይፒ ይወጣበታል።

ደግሞ ፕሮክሲውን የተዋችሁት ቀን ስልኮቹ ላይ ያለውን ሴቲንግ አጥፉት። ዋይፋዩ ተገናኝቷል እያለ ምንም ገጽ የማይከፍት ስልክ ካያችሁ፣ ራውተሩን ከመንቀላችሁ በፊት መጀመሪያ እዛ ግቡና ፕሮክሲ የሚለው "የለም" ላይ መሆኑን እዩ።