ክሊኮ ምንድን ነው? ስንትስ ይበቃል?

ጋራዡ ውስጥ ስገባ ያየሁት ነገር አውሮፕላን አልመሰለኝም። ጃርት መሰለኝ። ጠረጴዛው ላይ ረዘም ያለ የአሉሚኒየም ነገር ተጋድሟል። ጀርባው ከዳር እስከ ዳር ብርማ እሾህ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ጭራው ነዋ!»

«እሾሁን ማለቴ ነው።»

«እሱማ ክሊኮ ነው። እንዳትነቅል!»

ጋሼ ድሮ ቦሌ ሃንጋር ውስጥ የላሜራ ሠራተኛ ነበሩ። አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ ጡረታ ላይ ናቸው። መኪናቸውን ደጅ እያሳደሩ ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ይሠራሉ። ባለቤታቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ተቆጡ፤ አሁን ቡናውን እዚያው ጋራዡ ድረስ ያመጡላቸዋል።

አሜሪካ ውስጥ ይሄ እንደ እብደት አይታይም። የአገሪቱ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት፣ ኤፍኤኤ፣ ሰው ለራሱ ትምህርትና መዝናኛ ብሎ አብዛኛውን ሥራ በእጁ ከሠራ ለአውሮፕላኑ «የሙከራ» የሚባል የብቃት ወረቀት ይሰጣል። ሠሪዎቹ «የ51 በመቶ ሕግ» ይሉታል። ክፍሎቹ «ኪት» ተብለው በሳጥን ታሽገው ይመጣሉ። ኦሪገን ካለው ከቫንስ ኤርክራፍት በወጡ ኪቶች ብቻ ከ10,000 በላይ አውሮፕላኖች ተገጣጥመው በርረዋል። እና እነዚያ ሁሉ ሰዎች አንድ ቀን እንደ ጋሼ ቆመው «ምን ምን መሣሪያ ልግዛ?» ብለው ጠይቀዋል።

ብዙው ሰው የሚጀምረው ከኮምፕሬሰሩ ነው፤ ወይም ከትራፓኖው። ትልቅ ነው፣ ድምፅ አለው፣ ሲገዙት ሥራ የጀመሩ ያህል ይሰማል። እኔ ግን ከክሊኮ ቢጀመር እላለሁ። ምክንያቱ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ሪቬት ላሜራን ከላሜራ ለዘለቄታው የሚያያይዝ የብረት ካስማ ነው። ክሊኮ ደግሞ ጊዜያዊ ሪቬት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ላሜራ ደርቦ ይይዛል፤ ሲፈለግ ይነቀላል፤ ነገ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ወደ ማሽኑ ከማስገባቱ በፊት በስፒል ሲይዘው አይታችኋል? እሱን ነው የሚሠራው፣ ብረት ላይ። ስሙ የመጣው ክሊቭላንድ ኒውማቲክ ቱል ከሚባል የቆየ ኩባንያ የንግድ ምልክት ነው። እኛ የዱቄት ሳሙናን ሁሉ ኦሞ እንደምንለው፣ እነሱም ማንም ይሥራው ማን ክሊኮ ይሉታል።

አንዱን ከሳጥኑ አውጥቼ አገላበጥኩት። ርዝመቱ የትንሿን ጣቴን ያህላል። ወፍራም ሲሊንደር አለው፤ ውስጡ ሞላ አለ። ከላይ የምትጫን አናት አለችው። ከታች ሁለት ቀጫጭን የብረት እግሮች ወጥተዋል፤ ጫፋቸው ወደ ውጭ እንደ ሜንጦ ትንሽ ቀልበስ ብሏል። በእግሮቹ መሀል አንዲት ስስ ብረት አለች። ቁም ነገሩ ያለው እሷ ጋ ነው። አናቱን በልዩ ፒንሳ ስትጫኑት እግሮቹ ወደፊት ወጥተው ከመሀለኛዋ ብረት ያልፋሉ። የሚለያቸው ነገር ስለሌለ ይጠጋጋሉ፤ ይቀጥናሉ። በቀዳዳው ታስገቧቸዋላችሁ። ፒንሳውን ስትለቁ ሞላው ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል፤ መሀለኛዋ ብረት መልሳ ትከፍታቸዋለች፤ ሜንጦዎቹ የታችኛውን ላሜራ ከኋላ ይይዙና ወደ ላይኛው ይስቡታል። ቀጭ! አለቀ። ለመንቀል እንደገና መጫን ነው።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። ብሎን ቢሆን ዳዶውን የሚይዝ እጅ ከኋላ ያስፈልጋል፤ ክንፍ ውስጥ ደግሞ እጅ የማይደርስበት ቦታ ብዙ ነው። ሞርሴቶ ጠርዝ ላይ ጎበዝ ነው፤ መሀል ላሜራ ላይ ግን አይደርስም።

አሁን ወደ ምክንያቱ። የብረት አውሮፕላን ቅርጹን የሚያገኘው ከሪቬቱ ይመስላችኋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ሪቬት ያለውን ነገር ነው የሚያጸናው። ጠማማ ከሆነ ጠማማውን ያጸናዋል።» ቅርጹ የሚወሰነው ቀዳዳው ሲበሳ ነው፤ ቀዳዳው ሲበሳ ላሜራዎቹን ቦታቸው ላይ የሚይዛቸው ደግሞ ክሊኮ ነው።

የክንፍና የጭራ ቆዳ ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ነው። ይለጠጣል፣ ይሞቃል፣ ይንሸራተታል። ሁለት ላሜራ ደርባችሁ አንድ ቀዳዳ በሳችሁ እንበል። ሳትይዙት ቀጥላችሁ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን በሳችሁ። አሥረኛው ላይ ስትደርሱ ላሜራው የፀጉር ያህል ሄዷል። ዓይን አያየውም። ከዚያ የመጀመሪያውን ለመግጠም ስትሞክሩ የላይኛውና የታችኛው ቀዳዳ አይገናኙም። በፑንታ ላስተካክል ስትሉ ክቡ ቀዳዳ ስምንት ቁጥር ይመስላል። ስምንት ቁጥር የሚሞላ ሪቬት የለም። ወደሚቀጥለው የሪቬት መጠን ከፍ ማለት ይቻል ይሆናል፤ ግን ከቀዳዳው መሀል እስከ ላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የሪቬቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ መተው ግድ ነው። ቦታው ካልበቃ ላሜራው ተጥሎ ሌላ ይታዘዛል። ስለዚህ በሳችሁ፣ ያዛችሁ፤ በሳችሁ፣ ያዛችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት እዚህም ይፈታል።

አዳዲሶቹ ኪቶች ቀዳዳቸው በማሽን ተበስቶ ነው የሚመጡት፤ አንዳንዱ በፑንታ ማስፋት ብቻ ይቀረዋል። ታዲያ ክሊኮ ለምን? ምክንያቱም ክፍሉ አንዴ ተገጣጥሞ አያበቃም። ገጥማችሁ ቀዳዳውን ታሰፋላችሁ። ሁሉን ትነቅላላችሁ። በየቀዳዳው ጠርዝ የቀረውን ስል ትርፍ ትላጫላችሁ። የሪቬቱ ራስ ከቆዳው እኩል እንዲተኛ የቀዳዳውን ዙሪያ ጎድጎድ ታደርጋላችሁ። ዝገት መከላከያ ትቀባላችሁ። ከዚያ እንደገና በክሊኮ ትገጥማላችሁ። አሁን ነው ሪቬት የሚመታው፤ እሱም ባዶ በቀሩት ቀዳዳዎች ይጀመራል፤ ቀጥሎ ክሊኮዎቹ እየተነቀሉ የእነሱ ቦታ ይሞላል። ያ ጃርት ለሁለተኛ ጊዜ መሰካቱ ነበር።

መጠኑን በቀለም ታውቁታላችሁ። ብርማው 3/32 ኢንች ነው፤ 2.4 ሚሊሜትር ገደማ። መዳብማው 1/8 ኢንች፣ ማለትም 3.2 ሚሊሜትር። ጥቁሩ 5/32፤ ወርቅማው 3/16። ቁጥሩ የሪቬቱን ውፍረት ይከተላል። ለብርማው የሚበሳው ቀዳዳ በቁጥር 40 ፑንታ ነው፤ ለመዳብማው በቁጥር 30። ሁለቱም ከሪቬቱ በጥቂቱ ይሰፋሉ፤ ሪቬቱ ሲመታ አብጦ ያንን ክፍተት ይሞላዋል።

ስንት ይበቃል? ጋሼ ሲጀምሩ 100 ብርማ ገዙ። «መቶ ምን አነሰው!» ብለው። አንድ የክንፍ ቆዳ ግን ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ቀዳዳ አለው። አንድ እየዘለሉ ቢሰኩ እንኳ መቶው ግማሽ መንገድ ላይ አለቀ። አራትና አምስት እየዘለሉ ሲሰኩ መሀሉ እንደ ቂጣ ተነፋ። ሥራው ቆመ፤ ፖስታ ተጠበቀ። ዛሬ የእሳቸው ሒሳብ ብርማ 400፣ መዳብማ 150፣ ጥቁር 50፣ ወርቅማ 20 ነው። እዚህ አገር አንዱ ከማኪያቶ ይረክሳል፤ ብዛቱ ነው ኪስ የሚጎዳው። ደግነቱ ያገለገለም ይገኛል። አውሮፕላኑን የጨረሰ ሰው 500 ክሊኮ ምን ያደርግለታል? ይሸጠዋል።

ያገለገለ ስትገዙ ግን ፈትሹ። ሁለት ቁራጭ ላሜራ ይዛችሁ ሂዱ። ክሊኮውን ሰክታችሁ በላሜራዎቹ መሀል ጥፍራችሁን ለማስገባት ሞክሩ። ከገባ ሞላው ደክሟል ወይም ሜንጦው ተበልቷል። እግሩ የተጣመመውን ደግሞ መመርመርም አያስፈልግም፤ ወደ ቆሻሻ።

ፒንሳውን ሁለት ግዙ። አንዱ ሁልጊዜ ይጠፋል፤ ካልጠፋም ለሚያግዛችሁ ሰው ይሆናል። እጄታው የእጃችሁን ስፋት የሚመጥን ይሁን። ይሄን የምለው አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሳግዛቸው ውዬ ማታ እንጀራ መቁረስ ስላቃተኝ ነው። በአየር የሚሠራ መጫኛም አለ፤ እጃቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ጥሩ ነው። ቀዳዳ የሌለውን ጠርዝ የሚይዝ ባለ መንጋጋ ክሊኮ እና ጠንከር አድርጎ የሚያጠብቅ በእጅ የሚዞርም አለ። ከእነዚህ ጥቂት ጥቂት ይበቃል። መነጽር ግን አትርሱ። ደህና ያልያዘ ክሊኮ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ የሚሄደውም ወዳጎነበሰበት ፊት ነው።

የቀሩት መሣሪያዎች የሚወሰኑት በአውሮፕላኑ ነው። የጋሼ ዓይነቱ ድፍን ሪቬት የሚመታበት ነው። ለሱ የአየር መዶሻ፣ ከኋላ የሚደገፍበት ከባድ የብረት ጡብ፣ ሪቬት መጭመቂያ እና ያንን የሚሸከም ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል። ጎትተው የሚበጥሱት፣ እኛ ፖፕ ሪቬት የምንለው ዓይነት የሚበዛባቸውም አሉ፤ የቫንሱ አርቪ-12 እና የሚዙሪው ዜኒት ኪቶች ለምሳሌ። እነሱ ዘንድ የመሣሪያው ዝርዝር በጣም ያጥራል። ስለዚህ አውሮፕላን ሳትመርጡ መዶሻ አትምረጡ። ክሊኮ ግን ሁለቱም ቤት አለ። ሐሳባችሁን ብትቀይሩ እንኳ የማትከስሩበት ግዢ እሱ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ባለፈው ወር የጭራውን ሆድ ዘጉ። የመጨረሻው ረድፍ ከመመታቱ በፊት ጋሼ አንድ የሃንጋር ልማድ አላቸው፤ ክሊኮ ይቆጥራሉ። ውስጥ የቀረ አንድ ክሊኮ አየር ላይ እየተንከባለለ መሪ ሊያንቅ ይችላል። ሳጥኑ 400 መያዝ አለበት። ቆጠሩ፤ 399። እንደገና ቆጠሩ፤ 399። መብራት አመጣን። በቀዳዳው አጮለቅን። ጭራውን አንስተን ነቀነቅነው፤ ድምፅ የለም። ወለሉ ተጠረገ። ጠረጴዛው ሥር በሆዴ ገባሁ። ቡናው ቀዘቀዘ፤ ጋሼም መናገር አቆሙ።

«እስቲ እንደገና እንንቀለው» አሉ በመጨረሻ።

ስልኬን ላወጣ እጄን ጃኬቴ ኪስ ሰደድኩ። አንድ ቀዝቃዛ፣ የትንሽ ጣት የሚያህል ነገር ነካኝ። የመጀመሪያው ቀን አገላብጬ ያየሁት ነው።