አረንጓዴ የዝናብ ውሃ መሠረተ ልማት ምንድን ነው?

ደሴ ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ሐምሌ ላይ ጦሳ ተራራ ሲጠቁር ልብስ ከገመድ ይነሳል፣ እናቴ ደግሞ መጥረጊያዋን ይዛ ትቆማለች። ጎርፉ ግቢ ሲገባ እየጠረገች በታች በኩል ታስወጣዋለች። የት ሄደ? ከታች ያለችው ጎረቤታችን ቤት። እሷም መጥረጊያ አላት። እንዲህ እየተቀባበልን ቦርከና ወንዝ እናደርሰዋለን።

አረንጓዴ የዝናብ ውሃ መሠረተ ልማት ስሙ ረዘመ እንጂ ነገሩ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዝናቡን በወደቀበት ማስቀረት። ቱቦና ዲች ውሃውን ቶሎ ወደ ታች ይሸኙታል። ይሄኛው በአፈርና በተክል ያዘገየዋል፣ ያሰርገዋል። ገጠር ዘመድ ያለው ወሎዬ አይገርመውም፤ ገበሬው በበጋ ተራራ ላይ ወጥቶ የሚሠራው እርከን እኮ ይሄው ነው። ከተማ ስንገባ ነው የረሳነው።

ሒሳቡን እንየው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 60 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትሩ 6 በርሜል ሙሉ፣ ያውም ካንድ ጣራ። ግቢው አፈር እያለ ከፊሉን ይጠጣው ነበር፤ ሲሚንቶ ካለበስነው ግን (እኔም ጭቃው ሰልችቶኝ አስለብሻለሁ፣ አልዋሽም) የወረደው ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ ጎረቤት ነው።

ቀላሉ ዓይነት የዝናብ ጓሮ ይባላል። ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ርቃችሁ ጎድጎድ ያለ መደብ ትቆፍራላችሁ፣ ኮምፖስት ትቀላቅላላችሁ፣ የአሸንዳውን ውሃ በትንሽ ቦይ ትመሩበታላችሁ። 2 ሜትር በ3 ሜትር፣ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 900 ሊትር ይይዛል። ቄጠማ ትከሉበት፤ ለቡና ጉዝጓዝም ይሆናል። ውሃው በ1 ወይ በ2 ቀን ሰርጎ ማለቅ አለበት፣ ከሰነበተ ትንኝ ቤት ይሠራበታል። ስለዚህ ቀድማችሁ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሞልታችሁ ሞክሩት። ዋልካ አፈር ከሆነ በነጋታውም እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ከአሸንዳ ሥር የሚቀመጥ በርሜልም፣ በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶንም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ። በከተማ ደረጃ ደግሞ አሜሪካ ያለችው ፊላደልፊያ በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ25 ዓመት ፕሮግራም ጀምራለች፤ እዚያ ዝናቡና የሽንት ቤቱ ፍሳሽ በአንድ ቱቦ እየሄዱ ወንዝ ላይ ስለሚገነፍሉ ነው።

ደሴ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዳገት ነን፣ መሬቱም ይንሸራተታል። ውሃ የጠጣ አፈር ይከብዳል። ገደል አፋፍ ላይ ወይም ከድጋፍ ግንብ ጀርባ ውሃ ማስረግ በራስ ላይ መቆፈር ነው፤ እዚያ በርሜልና ደህና ዲች ይሻላል።

እኛም የታችኛው አጥራችን የድጋፍ ግንብ ስለሆነ አጠገቡ አልቆፈርንም። ከአሸንዳው ሥር 2 በርሜል አስቀመጥን፣ መደቡን ከግንቡ አራቅነው። ዶፍ ሲወርድ እናቴ አሁንም መጥረጊያዋን ታነሳለች። ጎረቤታችን ግን ክረምቱ ሳይወጣ ቡና ላይ ጠየቀቻት፦ «ዘንድሮስ ምነው ቀነሳችሁልኝ?»