ዕቃ ሲጠፋ ዋጋ መጨመር፦ የሚባለውና እውነታው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በማግስቱ እናቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ፈላጊ ተሰለፈ። ከተማው ውስጥ የሁለቱም ዋጋ ተሰቀለ፤ የፊት ጭምብልም እንደዚያው። መንግሥት ዋጋ አንረዋል ያላቸውን ሱቆችና መድኃኒት ቤቶች ማሸግ ጀመረ። ያኔ የሰማሁትን ክርክር እጥረት በመጣ ቁጥር እንደገና እሰማዋለሁ፤ በሱቅ ልጅነቴ ዝም ብዬ ማለፍ ያቅተኛል።

«በድሮ ዋጋ ያስገባውን ዕቃ በአዲስ ዋጋ መሸጥ ዘረፋ ነው»

ከሁሉ በላይ የሚባለው ይህ ነው፤ ከሁሉ በላይ የምከራከረውም በዚህ ነው። እናቴ እንደምትለው ባለሱቅ የሚኖረው ሸጦ በዚያው ገንዘብ ዕቃ እየተካ ነው። አሥር ጀሪካን ዘይት እያንዳንዱን በ900 ብር አስገብቶ በ950 ሸጠ እንበል። እጁ ላይ 9,500 ብር አለ። መርካቶ ሲደርስ የጅምላው ዋጋ 1,100 ገብቷል። ስምንት ጀሪካን ይዞ ይመለሳል፤ የተረፈው 700 ብር ላይ የጫኝና የትራንስፖርት ተቀናሽ አለ። በደብተሩ ላይ አትርፏል፤ መደርደሪያው ግን ሁለት ጀሪካን ጎድሎበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብዙ ባለሱቅ ያስጨነቀው ይኸው ሒሳብ ነበር።

ይህ መከራከሪያ ግን ለሁሉም አይሠራም። ጅምላው ሳይንቀሳቀስ፣ ወሬ ብቻ ሰምቶ ዋጋ የለወጠ ነጋዴ ከእናቴ ሒሳብ ጀርባ ሊደበቅ አይችልም።

«ዋጋ ይጨምር እንጂ ዕቃው ራሱ ይመጣል»

አንዳንዴ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ ሽንኩርት ከተወደደ፣ ፎገራ ላይ የጫነ አይሱዙ ፊቱን ወደዚያው ያዞራል። ሎሚ ግን ዛሬ ቢተከል ለፍሬ ዓመታት ይፈልጋል። ጭምብልም ያኔ ዓለም በሙሉ ይሻማበት ስለነበር፣ የሰፈር መድኃኒት ቤት ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር አንድ ካርቶን ከውጭ አይስብም። እንዲህ ባለ ጊዜ ከፍ ያለ ዋጋ የሚያደርገው ያለችውን ጥቂት ዕቃ ማን ይዞ እንደሚሄድ መወሰን ብቻ ነው። «ገበያው ያስተካክለዋል» የሚሉ ሰዎች በስንት ቀን እንደሆነ ቢነግሩን ደስ ይለኝ ነበር።

«መንግሥት ዋጋ ከተመነ ሸማቹ ይድናል»

በ2003 ዓ.ም. በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጥሎ ነበር። ዕቃው ከመደርደሪያ እየጠፋ ሄደ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው ለአብዛኞቹ ሸቀጦች ተነሳ። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የሚያስታውስ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው ዋጋውን እንዲለጥፍ ያዛል፤ እጥረት ያለበትን ሸቀጥ መደበቅንም ይከለክላል። እኔን ብትጠይቁኝ ከጣሪያው ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

«እጥረት መጥቶ ዋጋ ያልጨመረ ነጋዴ ሞኝ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1986 ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔትሽና ሪቻርድ ታለር ያሳተሙት ጥናት ላይ ለካናዳውያን አንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር። የበረዶ መጥረጊያ አካፋ በ15 ዶላር የሚሸጥ ሱቅ፣ ከባድ በረዶ በጣለ ማግስት 20 ዶላር አደረገው፤ ተገቢ ነው? ከመቶ 82ቱ አይደለም አሉ። በመጓጓዣ ችግር ሰላጣ በጅምላ ሲወደድበት የጭማሪውን ያህል የጨመረውን ባለሱቅ ግን ብዙዎቹ አልወቀሱትም። በሌላ በኩል በመጋዘን ያለውን የለውዝ ቅቤ ጅምላው ተወደደ ሲባል ወዲያው ያስወደደውን አብዛኞቹ ኮንነዋል፤ በዚህኛው ነገር እናቴና ካናዳውያኑ አይስማሙም። ደንበኛ ይህን ሁሉ ያስተውላል። በዱቤ መዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረ ጎረቤት ደግሞ ይበልጥ ያስተውላል።

እናቴ ያን ቅዳሜ በሎሚው ላይ የጨመረችው አምጪው የጨመረባትን ብቻ ነበር፤ ለአንድ ሰውም ከአምስት ፍሬ በላይ አልሸጥም አለች። አንድ ጎረቤታችን ሳህኑን በሙሉ ካልወሰድኩ ብሎ ተቆጣ። «እትዬ፣ ገንዘቤን እኮ ነው የምከፍለው!»

«ሌላውም ልጅ አለው» አለችው።

አምስቱን ይዞ ሄደ። ከዚያ በየአሥር ደቂቃው ልጆቹን አንድ በአንድ ይልክ ጀመር። ሦስተኛው ሲመጣ እናቴ አምስት ሎሚ ቆጥራ ሰጠችውና፣ «ለአባትህ የቀረው ታናሽህ ብቻ እንደሆነ ንገረው» አለችው።