በርበሬ ሁሉ ሀሪሳ አይደለም፦ የሜዲትራኒያን ምግብ በጅማ ጓዳ

ባለፈው እሁድ ጎረቤቴ «ሻክሹካ ሰርቻለሁ፣ ነይ ቅመሽልኝ» ብላ ጠራችኝ። ሻክሹካ የሰሜን አፍሪካ ቁርስ ነው። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በዘይት ይበስላል፤ ከዚያ እንቁላል ላዩ ላይ ይሰበራል። ቀመስኩት። ይጣፍጣል። ግን ሻክሹካ አልሆነም፤ የእኛው እንቁላል በስልስ ሆኗል። አሰራሩ ሀሪሳ የሚባለውን የበርበሬ ድቁስ ጨምሩ ይላል። ጅማ ውስጥ ፈልጋ ስታጣ የወጥ በርበሬ ጨመረችበት።

ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምናደርገው። የሌለንን ነገር በቀለሙ ወይም በስሙ እንተካለን። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ለምጃለሁ፦ ይህ ነገር ድስቱ ውስጥ ምን ይሰራል? ያቃጥላል? ያኮመጥጣል? ሽታ ይሰጣል? ወይስ ጨውና ቅባት ነው? መልሱን ካወቅሁ፣ ከሂርማታ ገበያ ባዶ እጄን አልመለስም። ሰው ሲል የምሰማቸውን የተሳሳቱ ነገሮች እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

«በርበሬ ካለ ሀሪሳ አለ»

ሀሪሳ የቱኒዚያ ነው። ደረቅ ቀይ በርበሬ ተዘፍዝፎ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከድንብላል፣ ካራወይ ከሚባል ቅመም፣ ከጨውና ከወይራ ዘይት ጋር ይፈጫል። ቱኒዚያውያን በጣም ይኮሩበታል። ዩኔስኮም በ2022 እ.ኤ.አ. ከማይዳሰሱ ቅርሶች ተርታ መዝግቦታል።

የእኛ በርበሬ ደግሞ ብቻውን አይፈጭም። ኮረሪማ አለበት፣ በሶብላ አለበት፣ አዝሙድ አለበት፣ ዝንጅብል አለበት። ድስቱን ወጥ ወጥ የሚያሸትተው ይሄ ነው። ስለዚህ በርበሬውን መቀነስ አይጠቅምም፤ ሽታው በትንሹም ቢሆን ይገባል። ሚጥሚጣም እንደዚያው ነው። ኮረሪማ አለበት፣ ጨውም አለበት። ኮረሪማ የራሳችን ጫካ ልጅ ስለሆነ እወደዋለሁ፤ ሻክሹካ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

መፍትሄው ሳይፈጭ የሚሸጠው ዛላ በርበሬ ነው። ማረቆ ካገኛችሁ እሰየው። አስር ዛላ ያህል ውሰዱ። ሰንጥቃችሁ ፍሬውን አራግፉና በፈላ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ከዚያ ከተላጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የተቆላ ድንብላል፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ከጨውና ከሶስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር ፍጩት። ካራወይ ስለሌለን ነው ከሙን የገባው። ንጹህ ብርጭቆ ውስጥ ከታችሁ ላዩን ዘይት አልብሱትና ፍሪጅ አስገቡት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጨርሱት።

«ፍሬው ከወጣ አያቃጥልም»

የሚያቃጥለው ነገር በብዛት ያለው ፍሬው የተያያዘበት ነጩ ጅማት ላይ ነው። ፍሬው የሚያቃጥለው ከዚያ ስለተነካካ ነው። ለልጆች የምታበስሉ ከሆነ ነጩን በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ቃሪያም ላይ ይኸው ነው።

ካቃጠለ በኋላ ውሃ መጨመር ወይም መጠጣት ብዙ አያግዝም። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ የሚሟሟው በቅባት ነው። እርጎ ጣል ማድረግ ይረዳል። ወይም ቲማቲሙን እጥፍ አድርጉና ምግቡን አብዙት።

«የሜዲትራኒያን ምግብ አልጫ ነው»

ይህን የሚል ሰው ቱኒዚያ ሄዶ ቁርስ ይብላ። በርበሬና ቃሪያ የመጡት ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ብዙ አገር ወዷቸዋል፣ የደቡብ ጣሊያኗ ካላብሪያ ሳትቀር። የሶሪያዋ አሌፖ ደግሞ በስሟ የሚጠራ በርበሬ አላት። ለስለስ ያለና ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ነው። አሰራሩ እሱን ከጠየቃችሁ፣ ነጩ የወጣለት ዛላ በሙቀጫ ሸክሸክ ተደርጎ በትንሽ ጨውና ዘይት ቢታሽ ይቀርበዋል።

«ነጭ አዝሙድ እና ከሙን አንድ ናቸው»

ይህ ስህተት በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ምግቡን ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል። ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም ከሙን «አዝሙድ» ይባላል። ሰውም ነጭ አዝሙድ ገዝቶ ይመጣል። ሁለቱ የተለያዩ ተክሎች ናቸው። ፍሬያቸው ይመሳሰላል፤ ሽታቸው ግን አይገናኝም። ባለ ቅመሟን «ከሙን» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ፤ ከዚያ ሁለቱንም መዳፋችሁ ላይ አሽታችሁ አሽትቱ። አንዴ ያሸተተ ሰው ዳግም አይሳሳትም።

ነጭ አዝሙድ ግን ሌላ ጥቅም አለው። ሽታው የሚመጣው ቲሞል ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይኸው ቲሞል ጦስኝ ውስጥም አለ። ስለዚህ አሰራሩ ጦስኝ ካለና ቤት ውስጥ ከሌለ፣ በጣት ቆንጠር የተደረገ ነጭ አዝሙድ ያድናል። ዛታር የሚባለውን የሌቫንት (የነሶሪያና ሊባኖስ አካባቢ) ቅመም የምሰራው ግን በደረቅ ጦስኝ፣ በተቆላ ሰሊጥ፣ በጨውና በደረቀ የሎሚ ልጣጭ ነው። ልጣጩ የገባው ሱማቅ በሚባለው ኮምጣጣ ቀይ ፍሬ ምትክ ነው። ዳቦ በዘይት ነክራችሁ በእሱ ብሉ፤ ለጾምም ይሆናል።

«ሁሙስ ቀዝቃዛ ሽሮ ነው»

ሁለቱም ሽምብራ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚባለው። የሽሮ ዱቄት ግን የተቆላና ቅመም የገባበት ነው። በውሃ ቢያሹት ሁሙስ አይሆንም። ሁሙስ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ታሂኒ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ነው። እኔ የሽምብራ ክክ እመርጣለሁ፤ ልጣጩ ስለወጣ ሲፈጭ ይልማል።

ታሂኒ የለም ብላችሁ አትተዉት። ታሂኒ ማለት የተፈጨ ሰሊጥ ነው፤ ሰሊጥ ደግሞ የአገራችን ሰብል ነው። አንድ ስኒ ነጭ ሰሊጥ በቀስታ እሳት ቀለሙ ሳይጠቁር አሙቁና ከሶስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር ፍጩት። ብዙ ከተቆላ ይመራል። የኦቾሎኒ ቅቤም ይሰራል፤ ግን ጣፋጭነት ስላለው ያመዝናል፣ ስለዚህ ሎሚውን ጨመር አድርጉ።

«በፌታ ፋንታ አይብ ነው»

ቀለሙ ነው ያሳሳተን። ፌታ የግሪክ ነው። ከበግ ወተት፣ አንዳንዴም ጥቂት የፍየል ወተት ተጨምሮበት፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ይዘጋጃል። ቅባትም ጨውም አለው። የእኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሰራ ሁለቱም ይጎድሉታል። ሰላጣ ላይ ቢበተን ውሃ ይለቃል።

ግን ይስተካከላል። ግማሽ ኪሎ አይብ ከሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር አዋህዱ። በንጹህ ነጠላ ጨርቅ ቋጥራችሁ ከባድ ነገር ጭናችሁበት ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ውሃውን ድፉና ዘይት ጠብ አድርጉበት። ፌታ ነው አልልም፤ ሰላጣ ላይ ግን አያሳፍርም።

ትንንሾቹ

አሰራሩ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ሲል ትልቁን ቢጫ የፈረንጅ ሎሚ ማለቱ ነው። የእኛ ሎሚ ትንሽና ይበልጥ ኮምጣጣ ነው። በፍሬ አትቁጠሩ፤ በማንኪያ እየቀመሳችሁ ጨምሩ።

የወይራ ዘይት ከሌለ የሱፍ ዘይት ይበቃል። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ጎልቶ ይወጣል። ንጥር ቅቤ ከነኮሰረቱ ከገባ ደግሞ ወደ ወጡ ተመለስን።

ወይን ጠጅ ለማይገባበት ቤትም፣ አሰራሩ ወይን ጠጅ ጨምሩ የሚለው የቲማቲም ስጎ አይቀርም። አንድ ስኒ ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሩ። ሽንኩርቱ ላይ አድርጋችሁ ቀድሞ ይፍላ። ቲማቲሙ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።