በቤት ለተሠራ የሳይክል መብራት ምትክ ባትሪ መምረጥ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት በሳይክል ለሚወርድ ሰው ፔዳል ብዙም አያስፈልገውም፤ ፍሬንና መብራት ነው የሚያስፈልገው። ፍሬኑን ማንም አይረሳም። መብራቱ ግን ብዙ ጊዜ ከእጅ ባትሪ፣ ከባጃጅ መብራት ወይም ከሶላር ፋኖስ ተፈትቶ የተገጣጠመ ነው። እንዲህ ያለው መብራት ላይ መጀመሪያ የሚደክመው ኤልኢዲው ሳይሆን ባትሪው ነው።

በእኛ አማርኛ «ባትሪ» በእጅ የሚያዘውም መብራት ነው፣ ኃይል የሚይዘውም ዕቃ ነው። «የባትሪ ድንጋይ» የምንለውም ለዚሁ ይመስለኛል። ድንጋዩ ሲያልቅ ይጣላል። እዚህ የምናወራው ቻርጅ ስለሚደረገው ነው።

ምትክ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚታየው ቮልቱ ነው። አሮጌው ባትሪ ላይ ጽሑፉ ከጠፋ ቻርጀሩን ማየት ነው። 8.4 ቮልት የሚል የሊቲየም ቻርጀር ለሁለት ሴል (ሴል ባትሪው የሚገጣጠምበት ነጠላ ክፍል ነው)፣ 12.6 የሚል ለሦስት ሴል የተሠራ ነው። በብዛት የምናገኘው ክብ የሊቲየም ሴል 18650 ይባላል። ስሙ ልኩ ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር። አንዱ 3.7 ቮልት ነው፣ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ሁለቱ በሲሪየስ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ) ሲገናኙ 7.4፣ ሦስቱ 11.1 ይሰጣሉ። በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ሲገናኙ ቮልቱ ባለበት ይቀራል፣ መብራቱ የሚቆይበት ሰዓት ግን ይጨምራል። ኤልኢዲው የራሱ መቆጣጠሪያ ካለው ትንሽ የቮልት ልዩነት ይችላል። ተራ አምፖል አይችልም። ከዲናሞ የተረፈ የ6 ቮልት አምፖል በ7.4 ባትሪ ላይ ደምቆ ይበራና ቶሎ ይቃጠላል። ለእሱ 1.2 ቮልት የሆኑ አምስት የኒኬል ሴሎች ልክ 6 ይመጡለታል።

የሊድ አሲድ ባትሪም አለ። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነው በየሱቁ ይገኛል፣ ዋጋውም አያስደነግጥም። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ዕድሜው እንዲረዝም ደግሞ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ካለው 84 ዋት ሰዓት (12 ቮልት ሲባዛ በ7 አምፔር ሰዓት) የሚጠቅመን 42 ያህሉ ነው። ባለ 2,600 ሚሊ አምፔር ሰዓት አራት የሊቲየም ሴሎች 38 ዋት ሰዓት ይይዛሉ፣ ክብደታቸውም አንድ ላይ 200 ግራም አይሞላም። ወደ ደሴ መልሶ ለሚወጣ ሰው ይህ ልዩነት እግሩ ላይ ይታወቀዋል።

ሴሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን ዝም ብሎ ማመን አያዋጣም። እኔ አንድ ጊዜ «9,900» የሚል 18650 ገዝቻለሁ። በዚህ መጠን ያለ ጥሩ ሴል 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው የሚይዘው። የእኔው አንድ ሰዓት እንኳ ሳያበራ ቀረ። ሞባይል የሚጠግነው ልጅ በእጁ መዘን መዘን አድርጎ ሳቀ። ደህና ሴል 45 ግራም ገደማ ይከብዳል፤ ያኛው ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ነበር። «አብሽር፣ ከላፕቶፕ እናወጣልሃለን» አለኝ።

እውነቱን ነው። የላፕቶፕ ባትሪ ሞተ ሲባል ብዙ ጊዜ የሞተው ከውስጡ አንድ ወይም ሁለት ሴል ነው። የቀሩትን ሲያወጡ ቢላ ወይም መቀስ ማስገባት አይገባም፤ የተወጋ ሴል እሳት ነው። ወጥቶ ሲለካ ከ2 ቮልት በታች የሆነ ይጣል። ደህና የሚመስለው 4.2 ድረስ ተሞልቶ ሳምንት ይቀመጥና እንደገና ይለካል። ከ4 በታች ከወረደ ለማታ ጉዞ አይታመንም። አንድ ላይ የሚገናኙት ደግሞ እኩያሞች ይሁኑ። አሮጌና አዲስ ሲቀላቀል ደካማው ቀድሞ ያልቅና ሌሎቹ በግድ ይጎትቱታል።

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የማልቆጥብበት መጠበቂያ ካርዱ ላይ ነው። ሴሉ ከልክ በላይ እንዳይሞላ፣ ከልክ በታች እንዳይወርድ፣ ሽቦ ቢነካካ እንዲቋረጥ የሚያደርገው እሱ ነው። የሴል ቁጥሩ መግጠም አለበት፤ የሁለት ሴል ካርድ ለሦስት አይሆንም። ቻርጀሩም እንዲሁ። ለሊድ አሲድ የተሠራውን ቻርጀር ሊቲየም ላይ መሰካት ቤት ማቃጠል ነው። ያበጠ ሴል ደግሞ ከቤት ይውጣ።

ማሰሪያው ቀላል ነው። ኮብልስቶን ላይ ሳይክሉ ሲንቀጠቀጥ ብየዳው ስለሚላቀቅ፣ ባትሪው በአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተጠቅልሎ ከሳይክሉ ብረት ጋር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በላዩ ፌስታል ይጨመርበታል፤ የሽቦው መውጫ ወደ ታች ይዞራል።